እትዬ ገመድ ዝም ያለች ሰሞን

በዚያ ትምህርት ቤት ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ በር ላይ የሚቆመው ጥበቃም እትዬ ገመድ ነው የሚሏት። አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ የተጠመጠመ የኮምፒውተር ገመድ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንዱን ስታወርድ ሌላውን ታጠልቃለች። የትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ አስተባባሪ ናት። ማዕረጉ እንዲህ ይኮፈስ እንጂ ሥራው ሲተረጎም “የማይሠራ ነገር ሁሉ የእሷ ነው” ማለት ነው። ፕሮጀክተሩ ሲደበዝዝ፣ ማተሚያው ወረቀት ሲያኝክ፣ አንዱ መምህር የይለፍ ቃሉን ሲረሳ የምትጠራው እሷ ናት። አንድ ጊዜ የመምህራን ማረፊያው በር አልከፈት ሲል እንኳ እሷን ነው የጠሩት። ሄዳም ከፈተችው።

እውነቱን ለመናገር፣ መጠራቱን ትወደዋለች። ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና “መጣሁ፣ እንዳትነኩት!” ብላ ስትጮህ ድምፅዋ ከደወሉ ቀድሞ ይሰማል። ደግሞ አዲስ ነገር ስታይ አያስችላትም። አንድ ዓመት የቀሪ ተማሪዎች መቆጣጠሪያ ፕሮግራም አመጣች። በዓመቱ ለውጤት ሌላ። ከዚያ ለወላጆች መልእክት፣ ለቤት ሥራ፣ ለስብሰባ። ሁሉም ሥራ ያቀላል ተብሎ ነው የመጣው፤ የቀደመውን ያነሳ ግን አልነበረም። ስልኳ ላይ የከፈተቻቸው የመምህራንና የሠራተኞች የመልእክት ቡድኖች ብዛት እሷኑ ያምታታታል። ለዘጠነኛ ክፍል መምህራን ያሰናዳችውን የፈተና ማሳሰቢያ ለጥበቃዎች ልካ፣ ጥበቃዎቹ ደግ ሰዎች ናቸውና “እሺ፣ እንዘጋጃለን” ብለው መልሰውላታል።

ቤትም ያው ነው። ባሏ አናጢ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ወንበርና ቁም ሣጥን ይሠራል። እናቷም አብረዋቸው ይኖራሉ። ጆሯቸው ደክሟል፤ ትንሽ የሚሻለው የቀኙ ነው። ከመኝታ ክፍላቸው “አንቺ ልጅ!” ብለው ሲጣሩ፣ እሷ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ቀርቅራ፣ ማማሰያውን እንደያዘች፣ ከማድቤት “ምን ልስጥሽ እማዬ?” ብላ ትጮሃለች። እናት ዝም ይላሉ። እሷም ነገሩ ያለቀ ይመስላትና ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

ዱብ ዕዳው የመጣው የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ሊገባደድ ሲል ነው። መምህራኑን አዳራሽ ሰብስባ ስለ አንድ አዲስ ፕሮግራም ታስረዳ ነበር። ማይክሮፎኑ እምቢ አለ። ማይክሮፎን የምታስተካክለው እሷ፣ ማብራሪያውን የያዘችውም እሷ፤ ስለዚህ ጮኸች። ሰሞኑን ጉሮሮዋን ሲከረክራት ነበር። “አሁን ይቺን ሰማያዊ ምልክት...” አለችና የቀረው ቃል አየር ብቻ ሆኖ ወጣ። ደግማ ሞከረች። መምህራኑ ይህም የማብራሪያው ክፍል መስሏቸው በትዕግሥት ጠበቁ።

ሐኪሟ ጉሮሮዋን በመብራት አየችና ራሷን ነቀነቀች። “የድምፅ አውታሮችሽ አብጠዋል። ሁለት ሳምንት ምንም አትናገሪም። ሹክሹክታም ክልክል ነው፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል።”

“ሥራዬስ?” ልትል አፏን ስትከፍት ሐኪሟ ጣቷን አነሳች። እትዬ ገመድ አፏን ገጠመች።

ባሏ ያን ዕለት አንዲት ስስ ጣውላ ላገ፣ ጥቁር ቀባት፣ በክር አንገት ላይ የምትንጠለጠል ሰሌዳ አድርጎ ሰጣት። ስልኳን እያሳየች “እዚህ ላይ መጻፍ እችላለሁ” ብላ በምልክት ብትነግረው አልሰማትም።

“ስልኩንማ ከያዝሽ አታርፊም” አላት። ትንሽ ቆየና፣ “የመጨረሻውን ቃል እኔ የምናገርበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም” ብሎ ጨመረ።

ጠመኔውን አነሳችና “ተጠንቀቅ” ብላ ጻፈችለት።

በማግስቱ የቴክኖሎጂ አስተባባሪዋ ጥቁር ሰሌዳ በአንገቷ፣ ጠመኔ በኪሷ አድርጋ ስትገባ ግቢው በሳቅ ሞላ። እሷም ድምፅ ሳታሰማ አብራ ሳቀች። ቀዳሚው ባለጉዳይ ጡረታቸው የተቃረበው የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው።

“የኔ ልጅ፣ ይህን የውጤት ነገር እንደገና አሳዪኝ። ባለፈው ነግረሽኝ ነበር፤ ግን አንቺ ስትነግሪ እንደ ዝናብ ነው፣ ያልፈኛል” አሏት።

“መጀመሪያ እዚህ ይሞላል” ብላ ጻፈች። ሰሌዳዋ ትንሽ ናት፤ አጠፋችው። “ከዚያ ወደዚያኛው ይገለበጣል።” አጠፋችው። “ፎቶ ተነሥቶ ለቡድኑ ይላካል።” አጠፋችው። “ታትሞ ይፈረማል።”

ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁሉንም አነበቡ።

“ገባኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለችኝ። ያንኑ ቁጥር አራት ጊዜ ለምንድን ነው?”

ድምፅ ቢኖራት ኖሮ መልስ አታጣም ነበር። “ሲስተሙ ነው ጋሼ፣ አያስቡ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ” ብላ በሳቅ ትሸኛቸው ነበር። በጠመኔ ግን አንዲት አጭር ምክንያት መጻፍ ነበረባት። ምክንያቱን ፈለገች፤ አጣችው። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ አንዲት ነጥብ ጥሎ ቆመ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። “ግዴለም፣ በሒሳብም እንዲህ ያለ ያጋጥማል” አሉና ትከሻዋን ነካ አድርገው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። አንዱ የሚሠራውን ሌላውም ይሠራዋል። ሁሉንም በገዛ እጇ ነው ያመጣችው። ግማሹን ብታነሳ የሚጎድል ነገር እንደሌለ ገባት። ሆኖም እጇ ሊነካቸው እምቢ አለ። ሁሉ ነገር ከቀለለ ማን እትዬ ገመድ ብሎ ይጠራኛል? ይህ ሐሳብ አሳፍሯት ኮምፒውተሩን ዘግታ ወጣች።

ቤት ገብታ ማድቤት ጉድ ጉድ ስትል እናቷ እንደ ወትሮው ተጣሩ። “አንቺ ልጅ!”

ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ሐኪሟ ትዝ ስትላት ዘጋችው። ማማሰያውን አስቀመጠችና ወደ ክፍሉ ሄደች። እናቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው በኩል ተቀመጠች። ሰሌዳዋ ላይ በትልልቁ “ምን ፈለግሽ?” ብላ ጻፈች።

“መስኮቱን ክፈችልኝ ልልሽ ነበር” አሉ እናት። ልትነሳ ስትል እጇን ያዙት። “ቆይ፣ ተቀመጪ፤ መስኮቱ የትም አይሄድም።”

ከዚያ እጇን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦ “ስትጮሂ እኮ የተቆጣሽኝ ይመስለኛል። ቃሉ አይደርሰኝም፣ ጩኸቱ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። እሷም ሥራ በዝቶባታል፣ ለምን አስቸግራታለሁ እልና ዝም እላለሁ።”

እትዬ ገመድ ሰሌዳዋን አነሳች። ጠመኔውን ፈለገች፤ ከእጇ አምልጦ አልጋው ሥር ተንከባሎ ነበር። እናቷ ትከሻ ላይ ጭንቅላቷን ጣል አደረገች። ከማድቤት ስልኳ ጮኸ፤ ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ተወ። እናት ይህን አልሰሙም፤ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ማውራት ጀምረው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባችና ሰሌዳዋን ዘረጋች። “አራቱን ላጥፋቸው” ይላል።

ዳይሬክተሯ ወደ በሩ አየት አደረገች። “እነማንን? የባዮሎጂ መምህራኑን ነው?”

እትዬ ገመድ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። “ፕሮግራሞቹን” ብላ ጻፈች።

“አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያመጣሻቸው?”

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዳይሬክተሯ ወንበሯ ላይ ተደገፈችና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። “እኔማ ሁለቱን ከፍቻቸው አላውቅም። ትቀየሚኛለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ። አጥፊያቸው። ደግሞ ይህን ሁሉ ብቻሽን አትሸከሚው፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ይባል የለ? መምህሩም የድርሻውን ይያዝ።”

እናም የቀሪ ተማሪዎች ዝርዝሩም ውጤቱም አንድ ቦታ ብቻ እንዲሞላ ሆነ። ቡድኖቹ ተዘግተው አንድ ቀረ። የተቸገረ ሰው በስልክ ፈንታ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ይምጣ፤ ከዚያ በፊት ግን ጎኑ ያለውን ይጠይቅ ተባለ። ያኮረፈው የስፖርት መምህሩ ብቻ ነው። “የኔ ቡድን ውስጥ እኮ ቀልድ ነበረ” ብሎ ሰላምታ ነሳት። “ወደ ትልቁ አምጣው” ብላ ጻፈችለት። አመጣው። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የእሱን ቀልድ ለማንበብ ተገድዷል።

የውጤት ማስገቢያው ቀን ደረሰ። ሌላ ጊዜ ያን ቀን ምሳ የሚባል ነገር አታውቅም። አሁን ስልኳ ዝም አለ። ተበላሽቶ ይሆን ብላ አጥፍታ አበራችው። ዝም። ስላላስቻላት ወደ መምህራን ማረፊያው ሄዳ በበሩ ክፍተት አጮለቀች። ጋሼ ከባዮሎጂ መምህርቷ ጀርባ ቆመው ስክሪኑን በጣታቸው ያሳያሉ።

“እትዬ ገመድን ልጥራት መሰለኝ” አለች መምህርቷ።

“ተያት፣ መጀመሪያ እንሞክረው። አትቸኩዪ፣ እዚህ ጋ ነው። አየሽ?”

በሩ ላይ ቆማ ደስታውም ቅሬታውም አንድ ላይ መጣባት። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረግ አድርጋ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ተመለሰች። ሻይ ቀድታ ተቀመጠች፤ ሳይበርድባት ጠጥታ ጨረሰችው።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ሐኪሟ “አሁን ቀስ እያልሽ መናገር ትችያለሽ” አለቻት። በእጇ አመሰገነቻትና ወጣች። መንገድ ላይም አልተናገረችም። ባሏ የሚልገውን እንጨት ጥሎ “እህስ? መጣ?” ብሎ ሲቀበላት ጉንጩን ዳብሳ አልፋው ገባች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ነበሩ። በቀኛቸው ተቀመጠችና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

“እማዬ፣ ተቆጥቼሽ አላውቅም።”

የወጣው ድምፅ ጎርነን ያለ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ነበር። እናት ጭንቅላታቸውን ዘንበል አደረጉ። “ምን አልሽ?”

ይበልጥ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ደገመችላቸው።

“ሰምቼሻለሁ እኮ” አሉ እናት። “ደግመሽ እንድትዪው ብዬ ነው።”

ትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው ሁሉ ለጩኸቷ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከዚያ ወዲያ ሙሉ በሙሉ አልጠራም፣ እሷም አላስገደደችውም። አንዳንዴ ረስታ ከኮሪደሩ ጫፍ “እንዳትነኩት!” ትላለች፤ ነክተው ይጠብቋታል። አሁን አሁን የመጨረሻው ደወል ሲደወል ቦርሳዋን አንግታ ትወጣለች። ወንበር ከባሏ ክፍል ታወጣና እናቷን ደጅ ፀሐይ ላይ ታስቀምጣለች፤ ራሷም በቀኛቸው ትቀመጣለች፤ የሠርጉን ወሬ እናት ካቆሙበት ይቀጥላሉ።