ሳሎን ያረጀው ቅምቡላ

ልብስ ሰፊዋ ሕፃን ልጇን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስትጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሥዕል ዓይኗን ያዘው። የጦርነት ጊዜ ቅምቡላ ነው። ከሥሩ «አይንኩ፤ አያንቀሳቅሱ፤ ለፖሊስ ያሳውቁ» ይላል። ክው ብላ ቀረች። ያው ራሱ፣ ክንፉም አፍንጫውም ሳይቀር፣ ቤቷ ሳሎን መደርደሪያ ላይ ተጎልቷል።

ያመጡት አማቷ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር። ድሮ መንገድ ዳር አግኝተውት፣ ይኸው እስከ ዛሬ በዘይትና በጨርቅ ይወለውሉታል። ወታደር ሆነው ሳያውቁ ሠፈርተኛው «ሻምበል» ያላቸውም በእሱ ሰበብ ነው።

ለፖሊስ ደወለች። ማንም እንዳይነካው፣ ሁሉም ከቤት እንዲወጣ ነገሯት። ልጇን ራቅ ያለች ጎረቤት ዘንድ አስቀምጣ ወደ ቤቷ ገባች።

«አባባ፣ ይነሡ እንውጣ። ፈንጂ አምካኞች እየመጡ ነው።»

«ፖሊስ ደጄ ላይ? ሰው ምን ይለኛል! ራሴ ወስጄ ወንዝ እከተዋለሁ» ብለው ብድግ አሉ።

«እንዳይነኩት!»

«ይሄን ሁሉ ዘመን አቅፌው ያላስነጠሰ፣ ዛሬ አንቺን አይቶ ሊያስነጥስ ነው?»

«የወለወሉት ውጪውን ነው። ሆዱን ዝገት ምን እንዳደረገው እርስዎም እኔም አናውቅም። ወንዝ የሚዋኙትስ የሰው ልጆች አይደሉም?»

«ዞር በይልኝ!»

አልዞረችም። የስፌት በርጩማዋን አንሥታ መደርደሪያው ፊት ቀስ ብላ አኖረችና ተቀመጠችበት።

«ምን መሆንሽ ነው?»

«እርስዎ ካነሡት እኔም እዚሁ ነኝ። ከተረፉ ለልጅዎ እርስዎ ይንገሩት።»

ድምፅዋ ፍንክች አላለም። ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆሙ። ቅምቡላውን አዩ፤ እሷን አዩ።

«ችኮ! የልጄን ሚስት አስበልቼ የት እገባለሁ?» ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። «በይ ቅደሚ።»

«እርስዎ ይቅደሙ።»

«አታምኚኝም?»

«አላምንዎትም።»

እየተነጫነጩ ቀደሙ።

አምካኞቹ መጥተው መንገዱን በገመድ ዘጉ። ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ሻምበል፣ ጦርነት ታወጀ እንዴ?» አለ አንዱ አንገቱን በገመዱ ላይ አስግጎ፤ ሰዉ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋ ተሸማቀቀችላቸው። እሳቸው ግን ገመዱ ድረስ ሄደው ተገተሩ።

«አንተ አንገተ ረጅም፣ ወደ ኋላ በል! ሠርግ መሰለህ? ፈንጂ ነው! ያመጣሁትም እኔው ነኝ!»

ሳቁ ጠፋ። ሰዉ እየተገፋፋ አፈገፈገ። እሳቸውም ከኋላው እየነዱት ዞር ሲሉ ምራታቸውን ቆማ አገኟት።

«አንቺስ? ጆሮ የለሽም? ራቂ!»

ራቀች።