መኪናው የተነሳበት ሰዓት

«ዓይናችሁን ጨፍኑ። የመጣውን ሐሳብ አትያዙት፣ ይለፍ» አለች ምሥራቅ፣ ሠራተኛውን ከጭንቀት እንድታሳርፍ ከአዲስ አበባ የመጣችው የተመስጦ አሠልጣኝ።

ቃናኒ አልጨፈነችም። አሶሳ ባለው የእርዳታ ድርጅቱ አዳራሽ ምንጣፍ ላይ እግሯን አጣጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። የመኪና ስምሪት ሥራዋ ነው። ከአራት ቀን በፊት፣ በሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ዐወድ የሚባል ስደተኛ ሚስት ምጥ ጠናባት። አምቡላንሱ ተበላሽቷል፤ የቀረው አንድ መኪና እንግዶች ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ቃናኒ ሦስት ሰዓት ላይ ለኃላፊው ለአቶ ስዩም ደወለች። መኪናው ከአሶሳ የተነሳው አምስት ሰዓት ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲደርስ እናትም ሕፃንም ሞተዋል።

ዛሬ ጠዋት አቶ ስዩም ሪፖርት አምጥተውላት ነበር። «መኪናው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነስቷል» ይላል።

«መጀመሪያ ሥልጠናውን ተካፈይ። ስትረጋጊ ትፈርሚያለሽ» አሏት።

በሩ ላይ ደግሞ ዐወድ ተቀምጦ ጠበቃት። «መኪና ስንት ሰዓት ተነሳ? ሌላ አልፈልግም» አላት በተሰባበረ አማርኛ። «ልጆች እናት ለምን ሞተ ይላል። ምን ልበል?»

አልፋው ገባች።

«አንቺ የተናደድሽ ትመስያለሽ» አለች ምሥራቅ ከፊቷ ቆማ።

«ሰው ሞቷል።»

«ያለፈውን መለወጥ አንችልም። ሰላም የሚሰጠው መቀበል ነው።»

«መሞቷንማ ተቀብያለሁ። ያልተቀበልኩት ውሸቱን ነው።»

አቶ ስዩም ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌላው ሁሉ ዓይኑን እንደጨፈነ ቀረ።

ቃናኒ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ፍልስፍና ነው። ባምባሲ ያሉት አባቷ «ይኼ ምን እንጀራ ሊሆንሽ ነው?» ይሏት ነበር። ሰው ተሠርቶ አይወለድም፣ በምርጫው ራሱን ይሠራል፤ አለመምረጥም ምርጫ ነው። ይህን ፈተና ላይ ጽፋ ጥሩ ውጤት አምጥታበታለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ዘዴው እንደማይሠራ ለማሳየት ያህል፣ በእልህ ዓይኗን ጨፈነች። አየር ሳበች፣ አስወጣች። ንዴቱ አላለፈም። ያለፉት ሌሎቹ ናቸው፦ ሰኔ ላይ የሚያልቀው ኮንትራት፣ የቤት ኪራዩ፣ «ታዝዤ ነው» ብላ ያዘጋጀችው መልስ። አንድ በአንድ ረገፉና ከሥራቸው የነበረው ነገር ብቻውን ቀረ። ያን ቀን አቶ ስዩም በስልክ «ጠብቂ» አሏት። እሷም ጠበቀች። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ የሾፌሩን ቁጥር ይዛ፣ ኃላፊዋን ላለማስቀየም ሳትደውልለት ቆየች። ንዴቷ ዞሮ ራሷን ያዛት። አልሸሸችውም፤ አብራው ተነፈሰች።

ዓይኗን ገለጠች። ተነስታ ወደ አቶ ስዩም ሄደች።

«ሪፖርቱን ይስጡኝ።»

«ተረጋጋሽ?»

«አዎ።»

ሰዓቱን ሰርዛ «አምስት ሰዓት» ብላ ጻፈች። አቶ ስዩም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።

«ይኼ ከወጣ አንቺም አትተርፊም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አውቃለሁ።»

ከሥሩ ማንም ያልጠየቃትን አንድ መስመር ጨመረች፦ «ጠብቂ ስባል ጠበቅሁ፤ ሁለተኛ አልደወልኩም።» ፈረመችበት። ኮፒ አንስታም ዐወድ ወደተቀመጠበት በር ወጣች።