ሁለቱንም ያየ ይናገር

ቶፊቅ ከጂዳ ይዞት የመጣው ቀይ ማሊያ ለሁለት ቶፊቅ ይበቃል። ጀርባው ላይ ሀያ ሦስት ቁጥር አለበት። ዓርብ ከጁምዓ መልስ ማሊያውን በትከሻው ጣል አድርጎ ልብስ ሰፊው ኸይረዲን በረንዳ ላይ ወጣና «ጋሼ፣ ይቺን ከጎንና ከጎኗ ያጥቡልኝ» አለ። ነገሩ በማጥበብ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ባጃጁን ጥላ ስር አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ኢሳ ቁጥሩን አየ።

«የጆርዳን ነው?»

«የማን ሊሆን ኖሯል? የአንደኛው ነዋ!»

«የድሮው አንደኛ በል። ሌብሮን እያለ የምን ጆርዳን?»

በቃ፣ ተጀመረ። የከሚሴ ወንድ ተሳፋሪ ካጣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ የሰው ዋንጫ ይቆጥራል።

የኸይረዲን ልጅ ቶይባ ከአባቷ ማሽን ጀርባ ዱካ ላይ ተቀምጣ የዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። አሥረኛ ክፍል ናት። የቅርጫት ኳስ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች፤ ዛሬ ደግሞ ባሰባት። ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ የሴቶች ቡድን ውስጥ ስትጫወት አባቷ አያውቅም። አምና «የስፖርት ክበብ ልግባ?» ብትለው «ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ» ብሎ መቀሱን አነሳ። ኸይረዲን መቀስ ካነሳ ወሬው አልቋል ማለት ነው። ነገ ቡድኑ ለውድድር ደሴ ይሄዳል። ለአባቷ የነገረችው ግን ጨፋ ሮቢት አክስቷን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነው። እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሰው አንዲት ቃል ካላመለጠችው፣ ትሄዳለች።

«ሰባት ዋንጫ!» ይላል ቶፊቅ፣ ደረቱን እየመታ። «ሰባት! ያንተው ስንት አለው?»

ስድስት ነው፣ አንተ ደነዝ፣ አለች ቶይባ በሆዷ። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ዋንጫ ብቻ ምን ያደርጋል? ሌብሮንን አይተኸዋል? እንደ ጨፋ ሰንጋ ነው! ሲመጣ መንገድ ትለቃለህ እንጂ አትከራከረውም።»

«ጆርዳን አየር ላይ ሲንሳፈፍ ያንተ ሰንጋ ሣር ይግጣል።»

ኸይረዲን ማሽኑን አቆመ። «ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ተጋጥመው ያውቃሉ?»

«የለም ጋሼ» አለ ኢሳ። «አንዱ ጫማውን ሲሰቅል ነው ሌላው የገባው።»

«እናንተስ ሜዳው ድረስ ሄዳችሁ አይታችኋል?»

«ኧረ በቴሌቪዥን ነው!»

«ሱብሃነላህ! እነሱ ሳይገናኙ፣ እናንተ ሳትገኙ፣ ማን ነው ፈራጁ? አንደኛ ማለት እኮ ምስክርነት ነው። ሁለቱንም በዓይኑ ያየ ይናገር። ያላየ ሰው ዝም ይበልና ሥራዬን ልሥራበት።»

ሳቁ። ቶይባም ነገሩ በዚሁ የተዘጋ መስሏት ትከሻዋን ዘና አደረገች። ኢሳ ግን መሸነፍ አይወድም።

«እሺ ጋሼ፣ በዓይኔ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው እሁድ የኛ ትምህርት ቤት ሴቶች ከሰንበቴ ሴቶች ጋር ተጫወቱ። ባጃጄን አጥሩ ሥር አቁሜ እስከ መጨረሻው አየሁ። ወላሂ፣ አሜሪካ ምን ያደርግልናል? ሁለት ልጆች አሉ፣ እሳት የላሱ!»

ቶይባ አጎንብሳ ስትተክል የነበረውን ቁልፍ በተሳሳተው ወገን፣ ቀዳዳው ላይ፣ ሰፍታው አገኘች።

«የማን ልጆች ናቸው?» አለ ቶፊቅ።

«አንዷን አወቅኋት። የእትዬ ሀዲጃ ልጅ፣ ዘሃራ። ሌላዋ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነው የምትጫወተው፣ መልኳ አይታይም። ቆይ፣ ቁመቷ ግን…» ኢሳ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አሰበ።

ያ ረቢ፣ አሳውረው፣ አለች ቶይባ።

«ትቼዋለሁ፣ አላውቃትም። ደግሞም እሷ አቀባይ ናት እንጂ ምንም አይደለችም። ከዘሃራ ጋር ባትሆን አንድ ነጥብ የላትም። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከመሀል ሜዳ ተወርውራ ብረቱን ሳትነካ የገባችውን ኳስ ብታዩ! ዘሃራ ናታ! ለከሚሴ አንደኛዋ እሷ ናት፣ በቃ።»

«ማሻአላህ፣ የሀዲጃ ልጅ!» አለ ኸይረዲን፣ እግሩን ወደ ማሽኑ መርገጫ እየመለሰ።

ቶይባ ተርፋለች። ኢሳ ራሱ ሳያውቀው አትርፏታል። ዝም ብትል፣ ያችን የተሳሳተች ቁልፍ ፈትታ ብትመልስ፣ ነገ በዚህ ሰዓት ደሴ ናት። ይህን ታውቃለች። አፏ ግን ሌላ ያውቃል።

«ዋሽተሃል!»

ሦስቱም ዞሩ።

«ያቺን ኳስ ያገባሁት እኔ ነኝ! አቀባይ ትለኛለህ? አንተ የአጥር ሥር ዳኛ! ዘሃራ ጥሩ ናት፣ ግን በግራ እጇ አንድ ቀን እንኳ አግብታ አታውቅም። እኔ በሁለቱም አገባለሁ!»

ማሽኑ ጸጥ አለ። ቶፊቅ ማሊያውን ለመውሰድ እጁን ዘረጋና መልሶ ተወው። ኢሳ «እ… ተሳፋሪ መጣልኝ መሰለኝ» አለ፤ ማንም አልመጣም ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ወረዱ።

ኸይረዲን መነጽሩን አወለቀ። «ነገ ጨፋ ሮቢት አይደለም የምትሄጂው።»

«ደሴ ነው፣ አባ።»

«ዋሸሽኝ።»

«አዎ።»

መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። መቀሱን ያነሳል ብላ ጠበቀች፤ አላነሳም።

«የዋሸሽኝን ለብቻ እናየዋለን። ግን ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰው ልጅ በሌለችበት፣ በሁለት ሰው ፊት አሳነስሻት። ይሄ የሰው ሐቅ ነው፣ ከእኔ ጋር የሚያልቅ አይደለም። ስለ ግራ እጇ ያልሽው ዹጋ ነው?»

«ዹጋ ነው» አለች፣ እውነት ነው ማለቷ። ድምጿ ከያዘችው ክር ቀጠነ።

«እንግዲያው ነገ አብሬሽ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ውሸት ከሆነ እናቷ ደጅ ሄደሽ ይቅር በሉኝ ትያለሽ። ሜዳም ከዚያ በኋላ የለም።»

ዘሃራ ማክሰኞ ልምምድ ላይ በግራዋ ደጋግማ አግብታለች። ቶይባ ቆማ አጨብጭባላታለች።

ጠዋት ሚኒባሱ ውስጥ የቡድኑ ልጆች ከኋላ ሞሉ። ኸይረዲን ሱቁን ቅዳሜ ዘግቶ፣ የጁምዓ ኮቱን ለብሶ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዘሃራ እየተንሳፈፈች ገባችና ቶይባ ጎን ዘጭ አለች።

«አባትሽ ፈቀዱ! አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። «ስሚኝማ፣ ዛሬ በግራዬ ነው የምሠራው። ማንም አይጠብቀኝም።»

ቶይባ ዛሬን በቀኝሽ ብቻ ተጫወቺልኝ ብትላት ዘሃራ ለምን እንኳ ሳትል እሺ ትላለች። እንዲህ ናት። ከሚሴን ወጡ። የጨፋ ማሳ በመስኮቱ ያልፋል፣ ያልፋል። ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። ዘሃራ ከረሜላ ልጣ አጎረሰቻት። ከረሜላውን በምላሷ ወደ ጉንጯ ገፋችው።

«አባ!»

መኪናው ሙሉ ዞረ። አባቷ አልዞረም።

«ዘሃራ በግራዋም ታገባለች።»

«ምን?» አለች ዘሃራ።

«አታገባም ብዬ አምቼሽ ነበር። ትናንት፣ በሰው ፊት። ተናድጄ ነው።»

ኸይረዲን ከፊት እንደተቀመጠ «የመጨረሻዋስ ኳስ?» አለ።

«እሷን እኔ ነኝ ያገባሁት።»

«አንቺን አልጠየቅሁም።»

ዘሃራ አንዴ ቶይባን፣ አንዴ የአዛውንቱን ማጅራት አየች። «እሷ ናት አባባ። እኔማ ገፍትረውኝ መሬት ላይ ነበርኩ» አለችና በክርኗ ቶይባን ጎኗን ደለቀቻት። ያመመ ምት ነበር። «በግራ አታገባም? አንቺ ከይሲ! ቆይ፣ ትከፍያታለሽ።»

 ሐርቡን አለፉ። ሚኒባሱ ፍጥነት በቀነሰ ቁጥር ቶይባ አባቷ «ወራጅ አለ» የሚል እየመሰላት ትንፋሿን ትይዛለች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አውጥታ ማንገቻውን እጇ ላይ ጠመጠመች።

ኮምቦልቻ ላይ መኪናው ቆመ። ኸይረዲን ወረደ። ቶይባም ከወንበሯ ብድግ አለች። በመስኮቱ አየችው፤ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ወደ ከሚሴ የሚወርደውን መንገድ ይመለከታል። አንድ ወደዚያው የሚሄድ መኪና አጠገቡ ቀዝቀዝ ብሎ ጥሩምባ ነፋለት። ኸይረዲን እጁን አነሳ። ቶይባ ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ መኪናው አልፎ ሄዷል፤ አባቷ ኮቱን እያራገፈ ተመልሶ እየገባ ነው።

«ማታ ስንመለስ መጀመሪያ ሀዲጃ ቤት ነው» አለ፣ ዞር ሳይል።

«እሺ፣ አባ።»

በሩን ራሱ ሳበና ዘጋው። «ንዳው» አለ ሹፌሩን።