አራት ወንበር ከሸራው ስር

ጋሽ በየነ ስለሺ በተከራየው አርቪ፣ አልጋና ማድቤት ባለው የጉዞ መኪና፣ መሀል ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አንድ ከባድ ጉዳይ አወጁ። «ከዛሬ ሐሙስ ጀምሮ በዚህ መኪና ውስጥ ያለው ሽንት ቤት ለሽንት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያሰበ ሰው ጋዝ ስቴሽን እስክንደርስ ይታገሣል።»

«ሴት ባለችበት እንዲህ ይባላል፣ ጋሽዬ?» አለች ቦጋለች።

«አንቺም ትታገሻለሽ።»

ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ከቀልዱ በለጠ። መሪውን የያዘው ሙሉነህ እንኳ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከጎኑ የተቀመጠው ስለሺ ብቻ ፈገግ ብሎ ወደ መንገዱ ዞረ።

ነገሩ የመጣው ረቡዕ ጠዋት ነው። ስለሺ ሥራ ላይ ሳለ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከሙሉነህ ጋር በሚጋሩት አፓርታማ ስልኩ ጮኸ። ሙሉነህ አነሣው። የስለሺ እህት ውብአለም ናት፣ ከአዲስ አበባ። እናታቸው ወይዘሮ ጠጂቱ አርፈዋል። «ብቻውን እንዳይሰማ፣ አደራ» አለችና መስመሩ ተቋረጠ። ሙሉነህ ለጋሽ በየነ ደወለ፣ ጋሽ በየነም ፈረዱ። መርዶ ያለ ዘመድ አይነገርም። ወንድሙ ዘርይሁን ከኤድመንተን የሚገባው ሰኞ ነው። ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰው መሀል ይነገረው፣ እስከዚያ ግን ስልክ ከሌለበት ቦታ ይቆይ።

ስልክ የሌለበት ቦታ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ስለሺ ሆስፒታል አልጋ እየገፋ ዓመት ሙሉ ባጠራቀመው የቬኬሽን ዕረፍት የሱፒሪየር ሐይቅን ሰሜናዊ ዳርቻ ሊያይ አርቪ ከተከራየ ሁለት ወር ሆኖታል። አብሮት የሚሄድ ግን ከሙሉነህ በቀር አላገኘም። ቦጋለች «ከፍዬ ትንኝ ልቀልብ?» ብላዋለች። ጋሽ በየነ ወገባቸውን አመካኝተዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ሁለቱም ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ተገኙ።

«ምን ተገኘ?» አለ ስለሺ።

«አየር ልንቀይር ነዋ!» አለችና ቦጋለች የፊቱን ወንበር ለቀቀችለት። ቦጋለች መኪና ያመኛል ብላ፣ የታክሲም ቢሆን፣ የፊት ወንበር ለሰው ለቃ አታውቅም።

እንዲህ ሆነው ሄዱ። ጥዱ አለቀ ሲሉት ሌላ ጥድ ይመጣል። ስለሺ ሲጋራ ሲያወጣ መስኮት እየከፈተች የምትራገመው ቦጋለች ክብሪት ጭራ ታቀርብለት ጀመር። ማታ በካርታ የተሸነፉት ጋሽ በየነ «አጭበርብረሃል» ብለው ካርታውን አልበተኑም፤ «ጎሽ» ብለው ተኙ።

አርብ ዋዋ የምትባል ከተማ ላይ፣ ከትልቁ የዝይ ሐውልት አጠገብ፣ አንድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገቡ። በሩ ላይ በሳንቲም የሚሠራ ፔይፎን ነበር። ሙሉነህ ጀርባውን ሰጥቶት ቆመና፣ ስለሺ ምንም ሳይጠይቀው፣ «ተበላሽቷል» አለው። ወዲያው አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ በጎኑ አልፋ ሳንቲም ከተተችና ከልጇ ጋር ወሬዋን ጀመረች።

ስለሺ ወደ ፖስትካርዶቹ አለፈ። በሄደበት ሁሉ ፖስትካርድ ይልካል፤ አንድ ለእናቱ፣ አንድ ለእህቱ፣ አንድ ለወንድሙ። አሁንም ሦስት መረጠ። ሦስቱን እንደ ካርታ በእጁ ዘርግቶ ብዙ ቆመ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሶ ሰካቸው።

«ምነው?» አለው ሙሉነህ።

«ሁሉም ላይ ዝይ ነው ያለው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ውሃው ዳር ደረሱ። ቦጋለች ባሕር ነው አለች። ጋሽ በየነ፣ ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው፣ ሐይቅ መሆኑን አስረዱ። ማዶው አይታይም፤ ማዕበሉ ድንጋዩን ይደበድባል። ስለሺ ከመኪናው ጎን ተጠቅልሎ የታሰረውን የሸራ ጥላ ይነካካ ነበር።

«ተወው፣ ዝናብ የለም» አለው ሙሉነህ ቸኩሎ። ሸራ ሲዘረጋ ማየት አልፈለገም።

እሑድ ገና ሲነጋ ሙሉነህ ብርድ ቀስቅሶት ወረደ። ሸራው ተዘርግቷል። ማታ እሳቱን ከበው የነበሩት አራት ተጣጣፊ ወንበሮች ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው አድርገው፣ በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ዳር ላይ ስለሺ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል።

ጋሽ በየነ ተከትለው ወረዱ። «እህ! ዓሣ ልናጠምድ ነው?» አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ቦጋለች ማንቆርቆሪያ ይዛ ብቅ አለች። ወንበሮቹን አየች። ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አኖረች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበችና ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ ከስለሺ ቀጥሎ ተቀመጠች።

«ቦጋለች!» አሉ ጋሽ በየነ።

አልተነሣችም።

«የፊቱን ወንበር ስትለቂልኝ ነው የገባኝ» አላት ስለሺ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ። «ጋሽ በየነም ተሸንፈው ‹ጎሽ› አሉ። አውቃችኋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከንም?» አለች ቦጋለች።

«ካልጠየቅኩ ሦስቱም በሕይወት አሉ።» ጋቢውን አጠበቀ። «ግን ሦስት ቀን እያፈራረቅኩ ቀበርኳቸው። ዋዋ ላይ ለማን እንደምጽፍ ጠፋኝ። ይኸው ነግቷል፣ ሰውም አለ። ከሦስቱ ማን ነው?»

«ልጄ፣ ትንሽ ታገሥ፤ ዘርይሁን ሰኞ ሲገባ...» ብለው ጋሽ በየነ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ስለሺ ሦስት ጣቶቹን ከጋቢው ስር አወጣና አንዱን አጠፈ።

«ሁለት ቀሩ» አለ።

ሙሉነህ ጋሽ በየነን አላያቸውም። ከመስመሩ አንዱን ወንበር አነሣ፣ ከስለሺ ፊት አምጥቶ ጉልበት ለጉልበት እስኪነካኩ አስጠጋውና ተቀመጠ።