ሳይጸዳ አይነካ

መንጋጋው የተገኘው አቦቦ ከተማ አጠገብ፣ ለመንገድ የሚነጠፍ ገረጋንቲ ከሚወጣበት ጉድጓድ ነው። ዶዘሩ ሁለት የአፈር ንብርብሮችን አደባልቆ ገፍቷል፤ ከላይ ቀይ ሸክላ፣ ከሥር ግራጫ የእሳተ ገሞራ አመድ። የአመዱ ዕድሜ በላቦራቶሪ ይለካል፤ የሸክላው አይለካም። መንጋጋው ከየትኛው እንደወጣ የሚያሳየው በጥርሶቹ መካከል የተጣበቀው አፈር ብቻ ነበር።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በየክረምቱ ደግሞ ቅሪተ አካል ማጽዳት ተምሬአለሁ። ሁለቱን ጥርሶች በአጉሊ መነጽር አየኋቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ጉብታ አላቸው፤ በዚያ ቦታ የበቀለ የዝንጀሮ ጥርስ አራት ነው ያለው። ይህ ዝንጀሮ አይደለም፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ዘሩ የጠፋ ሌላ እንስሳ ሳይሆን አይቀርም። ከነአፈሩ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ “ሳይጸዳ አይነካ” ብዬ ጻፍኩበት፣ ለቅርስ መዝጋቢው ለአቶ አሸብር አስረክቤ ተማሪዎች ልፈትን ኢታንግ ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ስመለስ መንጋጋው ጠረጴዛቸው ላይ ያብረቀርቃል።

“አፈሩስ?” አልኳቸው።

“ለቆልሻል። በሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። ጥርስ አይደል?” ሳቁ።

“ማን እጠቡት አለዎት?”

ካርቶኑን አዙረው ጽሑፌን አሳዩኝ። “ይኸው። ሳይጸዳ አይነካ። በጓንት ዘፈዘፍኩት፤ ሳላጸዳ በእጄ አልነካሁትም።”

“እኔ እስካጸዳው ማንም አይንካው ማለቴ ነው።”

“ታዲያ ‘እኔ’ የሚለው የታል? አማርኛው ያንቺ ነው፣ መምህርት።”

በእሳቸው ብቻ ብናደድ ይቀለኝ ነበር። በሙከራ ሪፖርታቸው ላይ ማን ምን እንደሠራ ሳይጽፉ የሚያስረክቡኝን ተማሪዎች ስንት ጊዜ ነጥብ ቀንሼባቸዋለሁ።

“ውሃውን የት ደፉት?”

“ጓሮ። የትናንቱ ዝናብ ጠርጎታል።”

“ብሩሹስ?”

“የራሴ ነበር። ለቅርስ ብዬ ሠዋሁት።” ከመስኮቱ ጠርዝ አነሱት።

ነጠቅኳቸው። መስኮቱ ጋ ቆሜ የብሩሹን ፀጉር ሥር በአጉሊ መነጽር መረመርኩ። የደረቀ ሳሙና አለ። ከሳሙናው ሥር ግራጫ ብናኝ፣ እንደ መስታወት ስባሪ የሚያብለጨልጭ። ቀይ የለም።

አመድ ነው። ግን ላቦራቶሪው ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ይጠይቃል። ከሰው ጥርስ ብሩሽ ብዬ ልጻፍ? ማንስ ያምነኛል?

ቢሆንም ብሩሹን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። በላዩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ከእኔ ከመምህርት ኛይየን በቀር ማንም ሰው ይህን ብሩሽ አይንካው፣ አይጠበው፣ አያንቀሳቅሰው።”

አቶ አሸብር በትከሻዬ በኩል አነበቡት። “እንዲህ ነው እንጂ አማርኛ” አሉ።

ፖስታውን ይዤ ወጣሁ።