ስሙ የማይጠራ ሥር

ወይዘሮ ወለተጻድቅ በኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስማቸው የታወቀ መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ምች ለመታው ዳማከሴ፣ ሆዱን ለቆረጠው ጤና አዳም፣ ጉንፋን ለያዘው ፌጦ በሎሚ፤ ደጃቸው ሰው አያጣም። በኮሮና ጊዜማ ተዉት! ሰፈሩ ሁሉ «ኢሚዩኒቲ፣ ኢሚዩኒቲ» እያለ በራቸውን ሲያንኳኳ ነው የከረመው። ቃሉንም ያን ጊዜ ለመዱት። የሰውነት ዘበኛ ማለት ነው ብለው ለራሳቸው ተረጎሙት፤ ዘበኛው ከበረታ ሌባ አይገባም፣ አለቀ።

ታዲያ የገዛ ልጃቸው የየኔሰው ሁለቱም ኩላሊቶች ከዱት፤ ደሙ በማሽን እየታጠበ ከረመ። ለዚህ የሚሆን ቅጠል አልነበራቸውም፤ ይህንንም አልደበቁም። ታናሽ እህቱ እፀገነት «የኔ ይሁንለት» አለችና አንዱን ሰጠችው። ሁለቱም ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጡ። ሐኪሙ ዶክተር ነገሬ ሲሸኛቸው፣ «መድኃኒቱ የሰውነትህን መከላከያ ዝቅ ስለሚያደርገው ከጉንፋን ተጠንቀቅ። ኪኒኑን አንድ ቀን እንዳትዘል፤ እኛን ሳትጠይቅም ሌላ ምንም እንዳትወስድ» አለው። እናት ከዚህ ሁሉ የያዙት አንዱን ብቻ ነው፤ የልጄ መከላከያ ዝቅ ብሏል።

«እኔ በሕይወት እያለሁ!» አሉ በሆዳቸው። ምን ያድርጉ፣ እናት አይደሉ!

ልጁ ማሳል ሲጀምር አላስቻላቸውም። ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት ወቀጡ፤ በዚያ ላይ ጎጃም ሳሉ አባታቸው ያሳዩአቸውን አንድ ሥር ጨመሩበት። የሥሩን ስም እኔም አልነግራችሁም። አባታቸው ሲያስተምሯቸው አስምለዋቸዋል፤ መድኃኒት በማለዳ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ይቆረጣል፤ የሚጠጣውም ሰው ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ በሽታውም ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ በአጥሚት እየበጠበጡ ጠዋት ጠዋት ይሰጡት ጀመር።

«እማዬ፣ ይሄ አጥሚት ምነው መረረ?»

«አፍህ ነው የመረረው፤ ጠጣ!»

ይጠጣል። ሳሉ ለቀቀው፣ ፊቱም ወዛ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ደስታቸውን ለሰው መናገር ስለማይችሉ ለማርያም ነገሯት።

ብዙም ሳይቆይ እግሩ አበጠ፣ ሽንቱ አነሰ። ሆስፒታል ተመለሱ። ዶክተር ነገሬ የደሙን ውጤት አይቶ መነጽሩን አወለቀ።

«ሰውነቱ ኩላሊቱን እየገፋው ነው» አለ። «ደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠንም ወርዷል። የኔሰው፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ኪኒን ዘለሃል?»

«በጭራሽ!»

«የባህል መድኃኒትስ?»

«ኧረ ምንም።»

ዶክተሩ ወደ እናትየው ዞረ። «እርስዎስ እናቴ? የሰጡት ነገር አለ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ምነው አንዲት ቃል በወጣቻቸው! ግን ልጃቸው እንዲህ ወድቆ ሳለ መድኃኒቱን ሊያረክሱት ነው? የቀረችውን ተስፋ በገዛ አፋቸው ሊያጠፏት? «እኔ ምን እሰጠዋለሁ ልጄ» አሉ። በማግስቱም አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዘው መጡ፤ ሥሩንም ጠንከር አደረጉት። እኔ ምን እላለሁ፣ እግዜር ይፍረድ እንጂ።

እፀገነት ግን በወንድሟ ፈረደች። አልጋው አጠገብ ቆማ ጮኸችበት።

«እኔ ጎኔን ተቀድጄ ሰጥቼህ፣ አንተ ኪኒን መዋጥ አቃተህ?»

«ማርያምን! አንድ ቀን አልዘለልኩም!»

«አትማል! ደምህ ውስጥ የለም እኮ ነው የሚሉት!»

«እፁዬ፣ እመኚኝ እንጂ…»

«ውሸታም!»

ጥላው ወጣች፤ ከዚያ ወዲያም ልትጠይቀው አልመጣችም። የኔሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናት አጠገቡ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ያስተካክላሉ። ሲድን ይታረቃሉ ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

አልዳነም። ኩላሊቱ ሞተ፤ የኔሰውም ወደ እጥበት ማሽን ተመለሰ። ዶክተር ነገሬ እናትየውን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ሲያረዳቸው ተቆጡት።

«ቆይ እስቲ ልጄ! መከላከያው ደክሟል ካላችሁ ለምን አላበረታችሁትም?»

«እኛው ነና ሆን ብለን ያደከምነው እናቴ። ሰውነቱ የእህቱን ኩላሊት ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገድለው መከላከያውን አስተኝተነው ነበር። አሁን ወይ የቀሰቀሰው ነገር አለ፣ ወይ የሚያስተኛውን ኪኒን ከደሙ ጠርጎ ያወጣው። ምን እንደሆነ ነው ያላወቅነው።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ አሁን ገባቸው። ዘበኛውን ጠዋት ጠዋት የቀሰቀሱት እሳቸው ናቸዋ! የጥቁር አዝሙዱንም፣ የነጭ ሽንኩርቱንም ነገሩት፤ በመጨረሻ የሥሩን ስም ጠሩት። ዶክተሩ አንገቱን ደፋ።

«የትኛው እንደሆነ አሁን ማወቅ ያስቸግራል» አለ። «ያን ቀን ስጠይቅዎት ቢነግሩኝ ግን…» ብሎ ተወው።

ለእፀገነት ደወሉላት። አየር ጤና ከምትሠራበት ሱቅ እየሮጠች መጣች፤ እዚያው ኮሪደር ላይ ነገሯት።

«እሱ ሲምል አጠገቡ ተቀምጠሽ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ውሸታም ስለው ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ ልጄ።»

እጇ ሳታውቀው ወደ ጎኗ ሄደ። ስለ ኩላሊቱ ግን አንድም ቃል አልተናገረች። «ነይ ግቢ» አለች። «አንቺው ንገሪው።»

የኔሰው ከማሽኑ ጋር እንደተያያዘ ነበር። እናት እግሩ ሥር ቆመው ሁሉንም ነገሩት። ሰምቶ ሲያበቃ አልጮኸም፣ ክፉም አልተናገረም። ዓይኑን በር ላይ ወደቆመችው እህቱ አዞረ።

«አየሽ» አላት፤ «አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

ከዚያ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እፀገነት ሮጣ አንገቱን አቀፈችው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከሁለቱ ግን ቀና ብሎ ያያቸው የለም።