ጸሐይ የቆጠረችው ቡና

ባሌ ጴጥሮስ ማንበብ ከቻለ ወዲህ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ። ክረምቱን በሙሉ ወንጌላዊ ታረቀኝ በጸሎት ቤቱ ለጎልማሶች የሚሰጠውን ትምህርት ሲማር ከረመ፤ ፊደሉን ለየ፤ እሰየው አልን። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት። ወንጌላዊው ግን በመጨረሻው ቀን ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ደግ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ባለው ነገር ሁሉ፣ በእህሉም በእንጨቱም፣ ወላጅ ልጁን ማስተማር ይችላል አላቸው። ሌሎቹ ሰምተው ወደየቤታቸው ሄዱ። የእኔው ሰውዬ ሰምቶ በቀጥታ ወደ ቦሎቄዬ መጣ።

ቀዩን ከነጩ ለይቼ፣ ነቀዙን ለቅሜ፣ በሁለት ሰፌድ አስቀምጬ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነበር። ስመለስ ሁለቱንም ደባልቆ ምንጣፉ ላይ አፍስሶታል፤ ጸሐይ መሃሉ ቁጭ ብላለች። ቀለም እየለየች ነው አለኝ፤ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ። ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም፤ ጥቂት ለየችና ሲሰለቻት አንዱን ቀይ ቦሎቄ አፍንጫዋ ውስጥ ከተተችው። አባትየው ሲደነግጥ እኔ ነኝ በርበሬ አሽትቼ አስነጥሼ ያወጣሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ማታ ኩራዝ ፊት ተቀምጬ ያንኑ ቦሎቄ እንደገና ስለይ እሱ አጠገቤ ሆኖ በሚቀጥለው ቀን ምን እንደሚያስተምራት ያወራልኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ትልቅና ትንሽ ነበር ትምህርቱ። ማሰሮዎቼን በቁመት አሰለፉና አንዷን ሰበሯት። ከዚያ ወዲያ ፊደል መጣ፤ ለቆጮ መጠቅለያ ብዬ ያለሰለስኩትን የእንሰት ቅጠል ዘርግተው በእሾህ ሀ ሁ ጻፉበት። ቅጠሉ ተበሳሳ፤ ቆጮዬ አየር ገብቶት ተበላሸ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ፤ በእኔ ቤት ግን አባትየውም አብሮ ያቦካ ነበር።

መቁጠር ሲጀምሩማ ጭራሽ ባሰ። እናቴ ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም፤ ከተቆጠረ ያልቃል ትል ነበር። ይህን ብነግረው ሳቀብኝና ዶሮዎቼን ጠርቶ አስቆጠራት። በሳምንቱ ጭልፊት አንዷን ወሰዳት። እኔ ዱላ ይዤ እየጮህኩ ስሮጥ እሱ ልጁን ብብቷን ይዞ አንስቶ፣ አሁን ስንት ቀሩ ብሎ ጠየቃት። ጎረቤታችን ወልዱ ሊጠይቀን ሲመጣም ጸሐይ ሁለት እጁን ይዛ ጣቱን ቆጠረች። ወልዱ ወጣት ሳለ አንዱን ጣት ገጀራ በልቶታል። ዘጠኝ ብላ ጮኸች። ሰውየው እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ፤ ባሌ ደግሞ ልክ ነሽ ብሎ አጨበጨበላት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

ይህ ሁሉ ግን ከቡናው ጋር ሲተያይ ምንም አይደል። ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ ላይ የያዝነው መሬት የእኛ አልነበረም፤ ጭሰኞች ነበርን። ባለርስቱ ዲላ ነበር የሚቀመጡት፤ በዚያን ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ከምንለቅመው ቡና ሲሶው የእሳቸው ነበር። ጸሐይ በተወለደች ክረምት ጴጥሮስ ከቤታችን ጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ እንሰቱ መሃል ማንም ሳያየው ችግኝ ተከለ። ለባለርስቱ ወኪል አልነገርነውም። ይህ ቡና የእሷ ነው አልን። ሲያፈራ ሸጠን ልብስና ደብተር እንገዛላታለን፤ ዲላ የጴጥሮስ እህት ዘንድ ተቀምጣ ትምህርት ቤት ትገባለች። በዕድሜያችን ሙሉ ከሰው እጅ ያስቀረነው ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው። ያን ዓመት ደግሞ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ምስጢር ሲይዝ ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። ባሌ ግን በየጠዋቱ ልጁን ይዞ ቁልቁል ይወርድና ግንዱን አንድ በአንድ እያስነካ ያስቆጥራታል፤ ድምፃቸው ማዶ ካለው መንገድ ይሰማል። ያውም በአማርኛ። ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት በአማርኛ ስለሆነ ካሁኑ ትልመደው ነው ምክንያቱ። በእኛ ቋንቋ ብታስቆጥራት እንኳ የወኪሉ ሰዎች አይሰሙም ነበር አልኩት። ድንጋይ ቁጠሩ፣ ቦሎቄ ቁጠሩ፣ ያን ብቻ ተዉ አልኩት። ቦሎቄ አፍንጫ ውስጥ ይገባል አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

ልጅቷ ደግሞ አሥራ አምስት ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ያለው አይመጣላትም። እሱ፣ አሥራ፣ ብሎ አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል፤ እሷም አፏን ከፍታ እሱን ትጠብቃለች። እኔ እላይ ሆኜ እንሰት ስፍቅ፣ ንገራትና ገላግለን እላለሁ በሆዴ። ነግሯት ያልፋሉ፤ በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ይቆማሉ። ወሩን በሙሉ እንዲህ ሰማሁ።

ጥቅምት ሲገባ ወኪሉ አቶ ወንድይፍራው ይርጋጨፌ መድረሱ ተወራ። በየዓመቱ ለቀማ ሳይጀመር እየዞረ የየሰዉን ቡና እግር በእግር ቆጥሮ፣ ይህን ያህል ታገባለህ ብሎ ቆርጦ የሚሄድ ሰው ነው። ጸሐይን ወልዱ ቤት እናስቀምጣት አልኩ። ጴጥሮስ እምቢ አለ። ለምን ተደበቅሁ ብላ ትጠይቀኛለች፤ ያን ጊዜ ውሸት ላስተምራት ነው፤ እኔ ልጄን ውሸት አላስተምርም አለ። ቡናውን እንሰት መሃል የደበቀው ሰውዬ ነው ይህን የሚለኝ። ተከራከርኩ፣ ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። አፏን ይዛ እንድትቀመጥ እነግራታለሁ አለ። ነገራትም። እሷም እሺ አለች፤ ልጅ እሺ የማይለው ነገር የለም።

አቶ ወንድይፍራው በማግስቱ ካፊያው ሳያባራ መጣ። በአንድ እጁ ጥቁር ጃንጥላ፣ በሌላው አለንጋ፤ ጫማው ተወልውሎ ያበራል፤ አሽከሩ በቅሎዋን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ጭቃ አይወድም። ጓሮአችንን ሳያይ የኖረውም ጭቃ ስለማይወድ ነው። ከደጅ ያለውን ቡና በአለንጋው ጫፍ እያመለከተ በጥድፊያ ይቆጥር ጀመር። ባሌ ባርኔጣውን አውልቆ ይከተለዋል፤ ጸሐይም አባቷን ትከተላለች። ወኪሉ ስምንት አለና ቀጥሎ አሥር አለ።

«ዘጠኝን ዘለልክ» አለችው ልጄ።

ልክ ነበረች። አንድ እግር ቡና አተረፈችልን። በዚያው ዝም ብትል ግንባሯን ስሜ ማር በቆጮ አበላት ነበር። ወኪሉ ግን ነገሩ አስገረመው፤ ጎንበስ ብሎ በለሰለሰ ድምፅ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። አባቴ አለችው። በምን ብሎ ጠየቃት። ባሌን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«በእኔ ቡና፤ ጓሮ ባለው» አለችው።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ወኪሉ ቀና ብሎ ባሌን አየው፤ ቤቱን ዞሮ ከቁልቁለቱ ጫፍ ቆመ። ከዚያ ሲያዩት እንሰት ብቻ ነው፤ ቅጠሉ በዝናብ ከብዶ መሬት ነክቷል፤ ጭቃው እንደ ቅቤ ያንሸራትታል። ጫማውን አየ። አሽከሩ በቅሎዋን ይዟል፤ መቁጠርም አይሆንለትም። ባሌን እንዳይልከው የሚያመጣለትን ቁጥር አያምነውም። ፈገግ ብሎ ወደ ጸሐይ ዞረ። ውረጂና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ቁጠሪልኝ፤ ከዚህ ሆኜ እሰማሻለሁ አላት። እሷ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ከአባቷ ሌላ ቁጠሪ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅማ። ቅጠሉን ገልጣ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ብቻ ነው የሚመጣው።

አንድ አለች። ሁለት አለች። እንደዚያን ዕለት አጥርታ ቆጥራ አታውቅም። ባሌ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይጨምቀዋል። እኔ አሥራ አምስትን እጠብቃለሁ። ጌታ ሆይ፣ እዚያ ላይ አቁማት፤ ያ ከሄደ ይሂድ፣ ከዚያ ወዲያ የቀረው ለትምህርቷ ይበቃል እላለሁ። አሥራ አምስት አለችና ቆመች።

ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ይሰማል። «አባዬ፣ ከአሥራ አምስት በኋላ ማነው?» አለች ከውስጥ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። እንደገና ጠራችው። ያን ጊዜ ነው ወኪሉ የሳቀው። አሽከሩም ጌታውን አይቶ ሳቀ።

«ወይ ቡናው አልቋል፣ ወይ ጭንቅላቷ አልቋል» አለ ወኪሉ። «የጭሰኛ ልጅ ጭንቅላት ከዚህ አያልፍም። አሥራ አምስት ይበቃናል።»

ብሎ ወደ በቅሎው ሄደ። ጃንጥላውን አጥፎ ለአሽከሩ ሰጠው፤ አንድ እግሩን እርካብ ላይ አደረገ። ሊሄድ ነው። የቀረው ቡና ሊተርፍልን ነው። ባሌ ዓይኑን ጨፍኗል።

«እማዬ?» አለች ጸሐይ። ድምፅዋ ማልቀስ ጀምሯል።

ልጄ ቁጥር ጠይቃኝ አታውቅም። ታውቃለች ብላ መች ትጠይቀኛለች? ዝም በይ አሰፋች አልኩ ለራሴ። ዝም በል እያልኩ ባሌን ስጨቀጭቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ዝም ማለት የሚያስገኘውን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ልጄ እዚያ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ አንድ ግንድ በእጇ ይዛ፣ የሚቀጥለውን የሚነግራት ሰው አጥታ ታለቅሳለች፤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ጭንቅላቷ አልቋል ይላል። ንዴት አናቴ ላይ ወጣ።

«አሥራ ስድስት!» ብዬ ጮህኩ። «አሥራ ስድስት ነው ልጄ፤ ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ድምፅዋ እንደ መጀመሪያው ጠራ። ወኪሉ እግሩን ከእርካቡ አወረደ። ሃያ አለች፤ አባቷ ያደረሳት እስከዚያ ነበርና፣ ለቀሩት እንደገና ከአንድ ጀመረች። እሱ ግን መደመር ያውቃል። ጨርሳ ስትወጣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ እስከ ፀጉሯ ውሃ ሆናለች፤ ጥርሷ ይስቃል። ተሳሳትኩ ወይ ብላ እኔን ጠየቀችኝ። አልተሳሳትሽም አልኳት፤ አፍንጫዋን በነጠላዬ ጠረግሁላት። ወኪሉ ለባሌ ፍርዱን ነገረው። ተደብቆ የተገኘ ቡና የዘንድሮው ፍሬ በሙሉ የባለርስቱ ነው፤ ከዛሬ ዓመት ወዲያ እንደ ሌላው ሲሶ ይከፈልበታል። ከበቅሎው ላይ ሆኖ ለጸሐይ ከረሜላ ወረወረላትና ሄደ።

ቀኑን በሙሉ ባሌ እስኪናገረኝ ጠበቅሁ። የምመልስለትን አዘጋጅቻለሁ፤ ቡና ማስቆጠር የጀመረው ማነው ልለው፣ ደብቃት ስልህ እምቢ ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ልለው። ዲላ የምትሄድበት መንገድ እንደተዘጋ ሁለታችንም እናውቃለን። የሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ ያለ ልብስ ያለ ደብተር እህቱ ደጅ አንጥላት ነገር። እራት ቀርቦ እንኳ ቀና አላለም። በመጨረሻ ያለኝ ይህን ብቻ ነው።

«አሥራ ስድስትን የት ተማርሽው?»

በየጠዋቱ ጆሮዬ ላይ ስትጮሁ የት ልሄድ ኖሯል አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ይሳቅ ያልቅስ አልጠየቅሁትም። የራሴም ዓይን አላየልኝም ነበር።

ሲነጋ አልተነሳም። ጸሐይ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። አባዬ አለች። ዛሬ ይቅር አላት፤ ቡናው የእኛ አይደለም፣ ምን እንቆጥራለን አለ ጋቢውን እንደተከናነበ። ልጅቷ እኔን አየችኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ በወኪሉም፣ በእሱም፣ በአፌም ተናድጃለሁ። ደግሞ ተኝቶ ሊውልብኝ ነው። ሄጄ ጋቢውን ገፈፍኩት።

«ተነስ» አልኩት። «ከሃያ በኋላ ያለውን እኔ አላውቀውም።»